በረንዳ ላይ የወጣው ወንበር

ጥቅምት 6 ቀን

ለእህቴ፤

የጠገንኩትን ወንበር አውጥተሽ በረንዳ ላይ ጣልሽው። በደል ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። ሰላምታውን ከታች አደርገዋለሁ። ተቀይሞ ሳለ «እንደምን ከረምሽ» ብሎ የሚጀምር ሰው ውሸታም ነው።

የነገረኝ የጭነት ሾፌሩ ነው፤ በእናንተና በእኛ ከተማ መካከል ዕቃና ወሬ የሚያመላልሰው። ሱቄ በር ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ከመስኮቱ ሳይወርድ፣ «ጋሼ፣ ያ ሰማያዊ የመኪና ወንበር የእርስዎ እጅ ያረፈበት አይደል? እህትዎ ቤት በረንዳ ላይ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ አየሁት። ዶሮ ሰፍራበታለች» አለኝ።

«ዶሮ?» አልኩት።

«አንዲት ብቻ ናት» አለ። እኔን ማጽናናቱ ነው።

ወንበሩን ሐምሌ ላይ ከመኪናችሁ አስፈትተሽ የላክሽልኝ አንቺ ነሽ። ጀርባው ላይ በክር ባሰርሽው ወረቀት «ለወንድሜ። ይጠቀም።» ብለሽ ጽፈሻል፤ ጽሕፈትሽን አውቀዋለሁ። እኔም ጠቀምኩት። የተቀደደውን በጎባጣ መርፌ ከውስጥ ወደ ውስጥ እየሰፋሁ ገጠምኩት፤ ስፌቱን ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ካለ ይምጣ። አስቸጋሪው ባልሽ በሲጋራ የበሳው ቀዳዳ ነበር። የተቃጠለውን ጠርዝ በምላጭ ላጨሁ። በቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ጨርቅ በወረንጦ አስገብቼ ከሥር በማስቲሽ አጣበቅሁ። ከላይ የሚለብሰውን የጨርቁን ፀጉር ደግሞ ከወንበሩ ሆድ ሥር፣ ማንም ከማያየው ቦታ ላጨሁ። የተደበቀ ጨርቅ ግን ፀሐይ አይቶ አያውቅም፤ ሰማያዊነቱ ገና ትኩስ ነው። የላዩ እንደ አንቺና እንደ እኔ ገርጥቷል። እንዲሁ ባስገባው ቀዳዳው ጠፍቶ በቦታው የቀለም ጠብታ ይቀር ነበር። ስለዚህ የላጨሁትን ፀጉር በሰሃን አድርጌ፣ ነፋስ እንዳይወስደው መስተዋት ከድኜ፣ መስኮት ላይ አሰጣሁት። ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፤ ፀሐይ የምትወጣው በልመና ነው። ጠዋት እያወጣሁ፣ ደመና ሲመጣ እየሰበሰብኩ፣ ከላዩ ጋር እስኪመሳሰል ጠበቅሁ። ከዚያ በቁንጥር በቁንጥር እየነሰነስኩ፣ በሞቀ ካውያ በወረቀት ላይ እየተጫንኩ ሞላሁት።

ይኼን ሁሉ የማወራልሽ ልመሰገን አይደለም። ዶሮዋ ምን ላይ እንደቆመች እንድታውቂ ነው።

በሾፌሩ አፍ ና ብለሽኛል። አልመጣም። ወንበሩ ከበረንዳ ይነሳ፤ መኪናው ውስጥ፣ ቦታው ላይ ይታሰር። ያኔ ሾፌሩ አይቶ ይነግረኛል፤ እኔም እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ደጅሽን አልረግጥም።

ስለ ዓይኔ ጠይቀሻል፤ ደህና ነው። ባልሽን ሰላም በይው። ሲጋራውን ከእንግዲህ የጠላቱ ወንበር ላይ ያጥፋ።

እንደምን ከረምሽ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 19 ቀን

ለጋሼ፤

እኔ ሰላምታዬን ከላይ አደርጋለሁ፤ እንደ አንተ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰላም አልልም። እንደምን ከረምክልኝ? ጉልበትህስ? አሁንም እዚያ የጠርሙስ ሳጥን ላይ ተጎልተህ ወገብህን እያስበላኸው ነው?

አንተ ሰው! «ይጠቀም» ያልኩት ወንበሩን አይደለም፤ አንተን ነው! ወንድሜ ይጠቀምበት፣ ይቀመጥበት፣ ወገቡን ያሳርፍበት ማለቴ ነው። ሾፌሩ ሳጥን ላይ እንደምትውል ሲነግረኝ አንጀቴ አልችል ብሎ የላክሁልህ ስጦታ ነበር። ቀዳዳውንም ስንጥቁንም ከቁም ነገር አልቆጠርኳቸውም፤ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ወንበር ስትሰፋ የኖርክ ሰው አንድ ቀዳዳ ላይ ብትቀመጥ ምን ትሆናለህ ብዬ።

መስከረም ላይ ወንበሩ ተመልሶ መጣ። እኔ በጻፍኩበት ወረቀት ጀርባ ላይ አንተ ምን ብለህ ጻፍክ? «ተጠቅሟል።» አለቀ፤ አንድ ቃል። ምን ብዬ ልረዳው? ተጠቀመበት፣ በቃው፣ መለሰው፤ ያንቺ ነገር ቤቴ አይደር አለ ብዬ ነዋ! አለቀስኩ። ባለቤቴም «የወንድምሽ አፍ እኮ እንደ መርፌው ነው፤ ሳይወጋ አያልፍም» አለኝ። ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ፕላስቲክ ጠቀለልኩበት፤ አልጣልኩትም። እልህ ይዞኝ ግን ገልጬ አላየሁትም።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ወጥቼ ፕላስቲኩን ገፈፍኩ። ቀዳዳውን ፈለግሁት። መነጽሬን አምጥቼ ፈለግሁት። የለም። እዚያው ቆሜ ብቻዬን ስስቅ የጎረቤት ሴትዮ «ደህና ነሽ?» አለችኝ፤ ለእሷ ምኑን ከምኑ ላስረዳት? ዶሮዋም የእሷ ናት፤ አባርሬያታለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ ጋሼ። ሰሃኑንና ፀሐዩን ሳስበው አፍሬያለሁ።

ወደ መኪናው መልሺው ያልከው ግን አይሆንም። መኪናው ውስጥ ቦታ የለውም። ለምን አትበለኝ። እንዲሁ ና። ወንበሩ የትም ይሁን የት፣ ና።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ሲጋራውን ትቷል።

እህትህ
(ልጅ ሆነን ቁንጫ የምትለኝ)


ኅዳር 3 ቀን

ለእህቴ፤

ይቅርታሽ ደርሶኛል። ግማሹን ተቀብያለሁ።

ግማሹን ያልኩበት ምክንያት ይኼ ነው። «ጠቀመ» ማለት የተቀደደን ሰፋ ማለት ነው። ሌላ ትርጉም እንዳለው አላጣሁትም፤ ትምህርት ቤት ባልሄድም ማንበብ አላነሰኝም። ነገር ግን ለሰፊ ሰው ጨርቅ ልኮ «ይጠቀም» ማለት ለሐኪም በሽተኛ ልኮ «ይታይ» ማለት ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን መስኮት ላይ አስቀምጦ አያየውም። «ይቀመጥበት» የሚል ቃል አለ፤ ለምን አልጻፍሽውም? ቀለም ልትቆጥቢ? ቃል ሁለት መንገድ ሲኖረው፣ የጠፋው መንገደኛ አይወቀስም፤ ምልክት ያላቆመው ነው የሚወቀሰው። እኔ «ተጠቅሟል» ብዬ የጻፍኩት ትክክል ነው። ተሰፍቶ ነበራ።

ደግሞም ስጦታ መሆኑን ባውቅ አልቀመጥበትም ነበር። ሥራ ላይ ለስላሳ ነገር ላይ የተቀመጠ ሰው ያንቀላፋል። ሳጥኑ ይበቃኛል።

አሁን የእኔን ጥያቄ መልሺ። «ቦታ የለውም» ያልሽው ምን ማለት ነው? ወንበር ከመኪና ሲወጣ ቦታው ባዶ ይሆናል። እዚያ ባዶ ቦታ ምን ገባበት? ባልሽ ጡረታውን ትቶ እንደገና የቀለም ቆርቆሮና መሰላል መጫን ጀመረ? ደግሞ ሲጋራ ተወ አልሽኝ። ያ ሰው ሲጋራ የሚተወው ሲጋራው ሲተወው ነው። የደበቅሽኝ ነገር አለ። የእኔ እንጀራ ሰው የሸፈነውን መግለጥ ነው፤ ጨርቅ ከሥሩ ቀዳዳ ሲኖረው ከላይ አተኛኘቱ ያስታውቃል።

የሱቁን ወሬ ልንገርሽ። ከፊት ለፊቴ የወንበር ልብስ የሚሸጠው ጎረቤቴ፣ ሰፈሩ «ሸፍኔ» የሚለው፣ አሁንም በሰላም ይሠራል። መኪና ሁሉ እሱ ጋ ገብቶ አዲስ ልብስ ለብሶ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው ቀዳዳ ግን እንደ ቀዳዳነቱ ይኖራል። ከትናንት ወዲያ አንዲት ነርስ ግራጫ ወንበር ያላት መኪና ይዛ መጣች፤ የጎን መደገፊያው በመቀስ ጫፍ ተቀዶባታል። ትንሽ ሥራ ነው። ሰፍቼ ሰጠኋት። አየችው፣ ወጣች፣ በሩን ከፍታ እንደገና አየችው።

«ጋሼ፣ ክሩ እኮ አረንጓዴ ነው» አለችኝ።

«ግራጫ ነው» አልኳት።

«አረንጓዴ ነው ጋሼ። ሣር የመሰለ አረንጓዴ።»

ሸፍኔ ከማዶ ሆኖ ጮኸ፦ «ጋሼ፣ ወደ እኔ ይላኳት! እኔ ጋ ከለበሰ አረንጓዴውም ግራጫውም አንድ ነው!»

«አንተ ዝም በል! ያንተ ሥራ ለሬሳ ነው የሚሆነው!» አልኩት። ነርሷ ሳቀች፤ መኪናዋን ግን ትታልኝ ሄደች። ብርሃኑ ነው ያታለላት፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከሸፍኔ ቢጫ ሸራ ላይ ነጥራ ነው ወደ እኔ የምትመጣው። ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ። ተሳስቼ አይደለም፤ ሰው ደስ እንዲለው ነው።

ወንበሩ ቦታው ይመለስ። አልመለስም ካለ ምክንያቱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 18 ቀን

ጋሼ፤

ዛሬ ቀልድ የለኝም። ደክሞኛል። ይኼን የምጽፍልህ እሱ ሲተኛ ጠብቄ፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ ነው።

ባዶው ቦታ ላይ የገባው እሱ ነው።

ሳንባው ነው ጋሼ። ከሰኔ ጀምሮ። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፤ መንገዱን ተቀምጦ መሄድ አቃተው፤ በየኩርባው ወደ ጎን ይወድቅብኝ ነበር። መካኒኩ ጎረቤታችን የኋላውን ወንበር ብሎን ፈትቶ አወጣልንና ፍራሽ አነጠፍንለት። ተኝቶ ይሄዳል፣ ተኝቶ ይመለሳል። ወንበሩ ሥራ ሲፈታ ነው ላንተ የላክሁት። ስትመልሰው ደግሞ የማስገባበት ቦታ አልነበረኝም።

እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነበር። «መርፌው ከሰማ ያዝንልኛል። እሱ ሲያዝንልኝ ከማይ እየሰደበኝ ብሞት ይሻለኛል» አለ። ስድብህን እኮ ነው የሚወደው። ደብዳቤህ በመጣ ቁጥር «ስድቡ ያለበትን መጀመሪያ አንብቢልኝ» ይለኛል።

አሁን ሐኪም ቤት መመላለሱም ቀርቷል። «ቤቱ ይሁን» አሉን። ምን ማለት እንደሆነ አንተን አላስተምርም።

ቤት ውስጥ አየር ያጥረዋል። ስለዚህ ረፈድ ሲል በረንዳ ላይ አወጣዋለሁ። ሌላ ወንበር ሁሉ አጥንቱን ይወጋዋል፤ የሚመቸው ያ ሰማያዊው ብቻ ነው። ግድግዳ አስደግፌ፣ ከሥሩ ጣውላ አድርጌ ከፍ አደረግሁለት። የዶሮዋን ነገር ሳነብለት ሳቀ፣ ሳለ፣ ሳሉ ሳያልቅ እንደገና ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራው ጣቱን ጨርቁ ላይ ማስኬድ ሆኗል። «እዚህ ጋ ነበር። ኧረ አይደለም። እዚህ ጋ ነበር። አንቺ፣ የት ጋ ነው ያቃጠልኩት?» እኔ ምኑን አውቄ? ትናንት ዓይኑን ጨፍኖ ሲዳብስ ቆየና ምን አለኝ መሰለህ፦ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ግድግዳ ስንጥቅ በቀለም ስሸፍን ኖርኩ፤ ዝናብ ሲመጣ ስንጥቁ ይመለሳል። ይኼ ሰውዬ ቀዳዳውን የት አባቱ አደረሰው?»

ስለ ነርሷ የጻፍከውን አንብቤያለሁ። ምንም አልልም።

ና። በዚህ ሳምንት ና።

እህትህ


ኅዳር 25 ቀን

ለእህቴ፤

ደብዳቤሽ ደርሷል።

ከሰኔ ጀምሮ ታውቂ ነበር። እኔ ክረምቱን ሙሉ ሰሃን ይዤ ፀሐይ ስለምን፣ ያ ወንበር የሚመለስበት ቦታ እንደሌለው ታውቂ ነበር። የታመመ ሰው መኖሩን ሳላውቅ ስለ ሲጋራ ስቀልድ፣ እያነበብሽ ዝም ብለሻል። በአፌ አሳስተሽኛል። ይኼ ሁለተኛ በደል ነው፤ ከመጀመሪያው ይከፋል።

ጨርቁን ሲዳብስ ከፊት ወደ ኋላ ብቻ ያድርገው በይው። ወዲያና ወዲህ ካሸው ፀጉሩ ይቆማል። ማስቲሹ ግን አይለቅም፤ አይስጋ።

በዚህ ሳምንት ና ብለሻል። ያልጠራኝ ሰው ቤት ሄጄ አላውቅም። አንቺ ጠርተሽኛል፤ እሱ ግን አልጠራኝም፤ ጭራሽ እንዳልሰማ አስምሎሻል። ከሸሸገኝ ሰው አልጋ ዳር ቆሜ ምን እላለሁ? «እንኳን ደበቅኸኝ» ልበለው? ቤቱ የእሱ ነው፤ በሽታውም የእሱ ነው። እፈልገዋለሁ ካለ በገዛ አፉ ይጥራኝ። ከዚህ ዝቅ አልልም።

በሾፌሩ እጅ አንድ ጠርሙስ ማር ልኬያለሁ። ለደረት ደህና ነው ይላሉ። በሙቅ ውኃ በጥብጠሽ ስጪው፤ ከእኔ ነው አትበይው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2 ቀን

የሚጽፈው እጄ ነው፤ የሚናገረው እሱ ነው። አንድ ቃል እንዳልጨምር፣ አንድ ቃል እንዳልቀንስ አዝዞኛል።

አንተ መርፌ፤

በአፉ ይጥራኝ አልክ አሉ። አፌ ይኸው። ና።

ማርህ ደርሷል። ከማን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ክዳኑ በክር ሦስት ጊዜ የተጠመጠመ ማር ከአንተ በቀር ማን ይልካል? ሾፌሩ መንገድ ላይ ጣቱን እንዳይከትበት ፈርተህ ነው። ከትቶበታል።

ለምን ደበቅከኝ ብለህ መቆጣትህን ሰምቻለሁ። በወረቀት ላይ አትቆጣ፤ አያምርብህም። ቁጣህን እንዳለ ጭነህ ና፤ እዚህ ፊቴ ቆመህ ተቆጣ። ይኼ ቤት በሹክሹክታ ሞልቷል። የሚመጣው ሁሉ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ነው የሚገባው፤ አንድ በር የሚያስጮኽ ሰው ናፈቀኝ።

ቀዳዳውን አላገኘሁትም። ሚስቴም አታውቀው፣ ዶሮዋም አታውቀው። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ የት እንዳቃጠልኩ ማወቅ ይገባኛል። መጥተህ በጣትህ አሳየኝ። ካልመጣህ ሌላ ቀዳዳ እበሳልሃለሁ፤ ለዚህ የሚሆን አንዲት ሲጋራ የት እንደደበቅሁ አውቃለሁ።

(ይቺን ሲጋራ አሁን ገና ነው የሰማኋት። እፈልጋታለሁ። ቃል ጨምሬያለሁ፤ ይቅር ይበለኝ።)

ቶሎ ና። በጣም ቶሎ ለማለት ትንፋሽ ጠፍቶብኝ ነው።

ይኼን ብሎ እንቅልፍ ወሰደው ጋሼ። ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው። ሾፌሩ ሐሙስ ጠዋት ከእናንተ ከተማ ይነሳል። ጋቢናው ውስጥ ቦታ ያዝልኝ ብዬዋለሁ። አብረኸው ና።

ቁንጫ


ታኅሣሥ 7 ቀን

ለእህቴ፤

ጥሪው ደርሶኛል። ይበቃል። እመጣለሁ።

ሐሙስ ግን አይሆንም። የነርሷ ወንበር ተፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የሰፋሁትን አይታ «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ቡናማ ሆነ» ብላኛለች። እንደገና ፈትቼዋለሁ። ሴትዮዋ ተረኛ ናት፤ በየቀኑ በእግሯ እየሄደች ነው። ሥራ አጋምሼ ሱቅ ዘግቼ አላውቅም፤ አሁን በስተርጅና አልጀምርም። ጨርሼ፣ አስረክቤ፣ በሾፌሩ በሚቀጥለው ጉዞ እመጣለሁ። ለሾፌሩም ነግሬዋለሁ። «ጋሼ፣ ወንበሩ ይቆይ» አለኝ፤ ሥራህን ሥራ አልኩት።

ቀዳዳውን አሳይሃለሁ ብሏል በይው። የጠገንኩትን ቦታ ለባለቤቱም ለማንም አሳይቼ አላውቅም። ማሳየት ሥራውን ማርከስ ነው። ለእሱ አሳየዋለሁ። ይኼን ስትነግሪው ቀስ ብለሽ ንገሪው፤ እንዲስቅ አልፈልግም፤ ሳሉ ይነሳበታል።

ሲጋራዋን ፈልጊ። የፊት ወንበር መደገፊያ ጀርባ ካለው ኪስ ውስጥ እዪ፤ ሁሉም ሰው የሚደብቀው እዚያ ነው።

ወንድምሽ


ጥር 14 ቀን

ለቁንጫ፤

በሰላም ገብቻለሁ። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለእሱ እንዴት ያለ ድካም እንደሆነ አውቃለሁና ስንወርድ አመሰገንኩት።

እንቅልፍሽ ተመለሰ ወይ? ብቻሽን ስትሆኚ ትበዪ እንደሆነ ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። ቆመሽ አትብዪ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመሽ ስትጎርሺ አይቻለሁ።

ተከትሎኝ በመጣው ደብዳቤሽ ያሉትን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

የነርሷ ወንበር ምን ሆነ ብለሻል። ሸፍኔ አለበሰው። ማንም አልወሰደብኝም፤ በገዛ እጄ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን አንስቼ፣ መንገዱን ተሻግሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይሳለቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልተሳለቀም። «ጋሼ፣ ጥሩ አድርጌ እሠራዋለሁ» ብቻ አለኝ። ክሩ ለእኔ አሁንም ግራጫ ነው።

በደረስኩ ዕለት፣ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ግቢው ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ በረንዳ ላይ ከዚያ ባዶ ወንበር አጠገብ ተንበርክከህ ከማን ጋር ታወራ ነበር ብለሻል። ከማንም ጋር። ጣትህን ጨርቁ ላይ አድርገህ «እዚህ ጋ» ስትል ሰምቼሃለሁ ብለሻል። ተሳስተሻል። ጨርቁን እየመረመርኩ ነበር፤ የእጅ ሥራዬን መመርመር ልማዴ ነው።

መቀመጫው መሃል ላይ የቀረውን ጎድጓዳ ላስነሳው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል፤ ስታዪው ያምሻል። እሱ ሳይነሳ ብዙ ስለተቀመጠበት ስፖንጁ ተጨፍልቆ ነው። በእንፋሎት እየነፋ በአንድ ቀን ቀጥ የሚያደርገው ሰው አይጠፋም፤ እኔም እችላለሁ። አታስነኪው። ስፖንጅ በግድ ሲያስነሱት ውስጡ ይሰበርና ሁለተኛ ሰው አይሸከምም። ተይው። ቀስ ብሎ፣ ሳታዪው፣ አንድ ጠዋት ስትወጪ ሞልቶ ታገኚዋለሽ። እስከዚያ ማንም አይቀመጥበት። ዝናብ ሲመጣ ወደ ውስጥ አስገቢው፤ ፕላስቲክም ቢሆን አልብሺው፤ አልቃወምም።

ከሁሉ የበለጠውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አድርገሽዋል። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ብቻዬን ነኝ፣ ሱቅህን ዘግተህ ና፣ አብረን እንርጅ ብለሻል። እመጣለሁ። ሱቁን ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ጎባጣ መርፌዎቼን፣ ወረንጦዬንና ካውያዬን ለሸፍኔ ሰጥቼዋለሁ። ምን እንደሚያደርግባቸው አያውቅም፤ ግን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ሳጥኔን ይዤ እመጣለሁ። ስለ እሱ አትከራከሪኝ።

ከመምጣቴ በፊት ግን አንድ ነገር እንስማማ። ወንበሩን በረንዳ ላይ ማውጣትሽን በደል ነው ብዬ ጽፌልሻለሁ። መደበቅሽንም በደል ነው ብያለሁ። የጻፍኩትን አልፍቅም። አንቺ ደግሞ ያን ሐሙስ ለምን እንዳልመጣሁ እስከ ዛሬ አልጠየቅሽኝም። እዚያ በነበርኩባቸው ቀናት ሁሉ ጥያቄው ከንፈርሽ ላይ እየደረሰ ሲመለስ አይቻለሁ። አትጠይቂኝ። ሰው ፊትም፣ ለብቻችንም ስንሆን፣ ስትናደጂም አትጠይቂኝ። አንድ ቀን ካነሳሽብኝ ሳጥኔን ይዤ በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ፤ እንደማደርገው ታውቂያለሽ። እኔም ስለ ወንበሩ፣ ስለ በደሉ፣ ስለ ማንም ጥፋት ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም። በዚህ ጉዳይ ላይ ከእኔ የምታገኚው የመጨረሻ መስመር ይኼ ነው።

ወንድምሽ